ከፓፓያው ሥር የተደፋው ቡና

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤዛ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ "አክስትዬ፣ ዛሬ ቡና የማፈላልሽ እኔ ነኝ" አለችኝ። ከቦርሳዋ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ፣ የወረቀት ማጥለያና የወርቅ ሠሪ ሚዛን የምታህል ትንሽ ሚዛን አወጣች። ቡናውን በሚዛን ለካች፤ ውኃውን በሚዛን ለካች። ከዚያ ቡናው ሳይገባ ባዶውን ወረቀት በሙቅ ውኃ አጠበችና ውኃውን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። አንዱ የአበባ ማሰሮዬ ጠርዝ ላይ ደፋችው።

"የወረቀቱን ጣዕም ይዞ ይሂድ ብዬ ነው" አለችኝ ስትመለስ።

እኔ ግን ደንግጬ ነበር። ዓይኔ የሄደው ወደ በሩ ነው፤ የሚያይ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም የመጀመሪያ ነገር መሬት ላይ ሲደፋ ሳይ ልቤ ይመታል። ቤዛ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ላስረዳት ብጀምር ቡናው እንደሚቀዘቅዝባት ስለገባኝ "ምንም" አልኳት። ምንም ግን አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የኬሚስትሪ መምህርት ሆኜ ናዝሬት ተመደብኩ፤ ያኔ አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በወይዘሮ በላይነሽ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቤቷ ጠባብ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ ምጣድ የምትግል ነበረች። ነገር ግን የእኔ ነበረች። ወለንጪቲ ከእህቶቼ ጋር በአንድ አልጋ ተኝቼ አደግኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ከብዙ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ኖርኩ። ሰው እያየኝ መብላት እንኳ የምሳቀቅ ልጅ ስለነበርኩ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ማግኘት ለእኔ እንደ ዲግሪው ያለ ነገር ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት ቁልፉን በእጄ ጨብጬ ነው የተኛሁት።

ወላጆቼ ቤት ቡና አይፈላም ነበር። አባቴ እህል ነጋዴና የወንጌል አማኝ ነበር፤ ጸሎት ቤታችን በደርግ ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየተራ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ነበር። ቡናን የጠላው ግን ስለ ሃይማኖት ደንብ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳለ እናቱ በሳምንት አንድ ቀን በር ዘግታ ታፈላ ነበር። የመጀመሪያውን ሲኒ ሰው አይቀምሰውም፤ ለቆሌዋ መሬት ላይ ይደፋል። ያ እስኪደፋ ድረስ ልጆቹ አይናገሩም፣ አይነሡም፣ አያስሉም። አንድ ቀን አባቴ አስነጠሰ። በዚያው ሳምንት ታናሽ እህቱ ታመመች፤ ቆሌው የተቆጣው በእሱ ማስነጠስ ነው ተባለ። ልጅቷ ድናለች፤ እሱ ግን ያን ሳምንት ማንም ሳያናግረው አሳለፈ። ይህን የነገረን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የራሱን ቤት ሲሠራ ጀበና እንዲገባበት አልፈለገም።

ቡና የቀመስኩት ዩኒቨርሲቲ ነው። አልማዝ የምትባል የአቦምሳ ልጅ ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ቀን ፒያሳ ካፌ ወስዳኝ የማሽን ቡና አጠጣችኝ። መራራ ነበር፤ ከመራራው ሥር ግን እንደ ተቆላ እህል፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ ሌላ ነገር ነበረው፤ ወደ ዶርም ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ያንን ነገር በአፌ ውስጥ ስፈልገው ነበር። ናዝሬት ስገባም ካፌ ሞልቷል፤ ነገር ግን አንዲት ወጣት መምህርት ለብቻዋ ካፌ ገብታ መቀመጥ በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም፤ ለእኔ ደግሞ የማይሞከር ነበር። የግቢው ሴቶችም "ነይ ቡና ጠጪ" ይሉኛል። እኔ "ፈተና እያረምኩ ነው" እላቸዋለሁ። ፈተና በሌለበት ወር ሁሉ ፈተና አርሜአለሁ። እነሱ ኩራት መሰላቸው፤ እኔ የፈራሁት ክብ ተሠርቶ ሲቀመጥና ሁሉም ወደ እኔ ሲያዩ እጄን የት እንደማደርገው ነበር።

ስለዚህ ራሴ ላፈላ ወሰንኩ።

አንድ ቀን አሮጌ ልብስ በዕቃ የሚለውጠው ልዋጭ ባዩ በግቢያችን በር ሲያልፍ ከተሸከመው ዕቃ መካከል ወገቡ ቀጭን፣ ስምንት ጎን ያለው የአልሙኒየም ማፍያ አየሁ። ሞካ የሚሉት ነው፤ ከታች ውኃ፣ ከመሃል ቡና፣ ሲፈላ ቡናው ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል። አዲስ አበባ ሳለሁ የምለብሰው ካፖርት ነበረኝ፤ አውጥቼ አሳየሁት።

"በናዝሬት ሙቀት ይህን ማን ይገዛኛል?" አለ ልዋጭ ባዩ።

"አሰላ ውሰደው፤ እዚያ ብርድ ነው" አልኩት። ከማላውቀው ሰው ጋር ስከራከር ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ካፖርቱን ወስዶ ማፍያውን ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ ስፈታው በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚገባው የላስቲክ ቀለበት የለውም። እሱ ከሌለ እንፋሎቱ በጎን ያመልጣል፤ ቡናውም አይወጣም። ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በልኩ አስቆረጥኩ። በደንብ ገጠመ። ቡናውም ወጣ። ግን ቀድሞ የሚወጣው ጎማ ጎማ ይላል። ቀለበቱን በአመድ ውኃ ቀቀልኩት፣ በሎሚ ዘፈዘፍኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ አልለቀቀም። በመጨረሻ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጎማው የሚሸተው የመጀመሪያው ሲኒ ብቻ ነው። እሱን ከደፋሁት የቀረው ንጹሕ ነው።

ቡናው ራሱ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ጥሩው ሁሉ ወደ ውጭ ይላካል፤ በየኬላውም ከረጢት ይፈተሻል። የአልማዝ እናት ከአቦምሳ የሚልኩልኝ ሽምብራ ነበር፤ ጥሬ ቡናው ከሽምብራው ጋር ተቀላቅሎ። ማታ ማታ ሰፌድ ላይ አፍስሼ አንድ በአንድ እለቅማለሁ። የምቆላው እሑድ ጠዋት ግቢው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ነው። የምወቅጠው ሙቀጫውን የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጬ ነው፤ እንዳይሰማ። አንድ ቀን አድቅቄ፣ ሌላ ቀን ሸካራ አድርጌ፣ የቡታጋዙን እሳት አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። ሲደቅ ይመራል፤ ሲሸክር ውኃ ውኃ ይላል። እሳቱ ዝቅ ካለና ሲንፎለፎል ቶሎ ከወረደ ግን ያ የፒያሳው ነገር ብቅ ይላል። ተማሪዎቼን በማስተምርበት ሰዓት እንኳ ሐሳቤ እዚያ ነበር። ጠዋት ከእንቅልፌ የምነሣው የሚቀጥለውን ሙከራ ለማየት ሆነ።

በሬን ዘግቼ አፈላለሁ። የመጀመሪያውን ሲኒ ይዤ ብቅ እልና ግራ ቀኝ አይቼ ከክፍሌ ፊት ለፊት ያለው ፓፓያ ሥር እደፋለሁ። ዝቃጩንም እዚያው። ተመልሼ እዘጋለሁ። ይህን ሳደርግ ከሩቅ የሚያየኝ ሰው ምን እንደሚመስለው አንድም ቀን አላሰብኩም።

የነገሩኝ አዴ ጫልቱ ናቸው። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም ይሸጣሉ። አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ። ሰው የሚለውን ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ።"

"ምን ይላል?"

"ለብቻዋ ቡና ታፈላለች ይላል። በር ዘግታ። መጀመሪያውን ፓፓያ ሥር ታፈሳለች ይላል። እንግዲህ የምታስተናግደው አለ ማለት ነው።"

"ማንን ነው የማስተናግደው?"

"እሱን እኮ ነው አንቺን የምጠይቅሽ" አሉ አዴ ጫልቱ፤ ከኋላዬ ክፍሉን እየቃኙ። "ደግሞ ያ ፓፓያ ዘንድሮ እንዲህ ማፍራቱ ሰውን አስፈርቷል።"

መሳቅ ነበረብኝ፤ አልሳቅኩም። ምክንያቱም ቀጥለው፣ ወይዘሮ በላይነሽ ለአባቴ "ይምጡና ልጅዎን ይውሰዱልኝ" ብለው በወለንጪቲ ነጋዴ እንደላኩና እሱም ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገሩኝ። ክፍሏን ማጣቴ አንድ ነገር ነው። ይህን የሚሰማው ግን አባቴ ነው፤ ስለ ማስነጠሱ የነገረን አባቴ።

"ዕቃውን ስጪኝ፣ እኔ ልደብቅልሽ" አሉ አዴ ጫልቱ። "አባትሽ ሲመጣ የለም ትያለሽ፤ አለቀ።"

ማፍያውን አንሥቼ እጃቸው ላይ ላደርገው ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣሁት በመደበቄ መሆኑ ያን ጊዜ ታየኝ። ብደብቀው ወሬው ይበረታል እንጂ አይሞትም።

"አልሰጥም" አልኳቸው። "ቅዳሜ እርስዎም ይምጡ። ሲኒዎን ይዘው።"

ቅዳሜ አባቴ የወለንጪቲን አቧራ በኮቱ ላይ ይዞ ደረሰ። ባርኔጣውን አውልቆ ወይዘሮ በላይነሽ ያቀረቡለት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ፓፓያው ከፊቱ ነው። ወይዘሮ በላይነሽ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንደ መርዶ ነጋሪ አንገታቸውን ደፍተው ነው የነገሩት።

"ልጅዎ ጨዋ ናት፣ አልዋሽም። ግን እኔ ታቦት የምሳለም ሴት ነኝ፤ በግቢዬ እንዲህ ያለ ነገር አልፈልግም። እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ መጀመሪያውን መሬት ታጠጣለች።"

አባቴ እኔን ሳይሆን የፓፓያውን ሥር አየ። የዝቃጩ ጥቁረት አፈሩ ላይ ይታያል። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ሽማግሌ ፊት ላይ የሕፃን ፍርሃት ነበር።

"እውነት ነው፣ ሩት?"

"እውነት ነው፣ አባባ። ግን ቆይና እይ።"

በሬን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ቡታጋዙን አውጥቼ ደጃፉ ላይ አደረግኩ። የቀረችኝ ቡና ለሁለት ጊዜ ብቻ የምትበቃ ነበረች። ውኃውን ሞላሁ፣ ቡናውን አደረግኩ፣ ቀለበቱን አስገብቼ አጠበቅኩ። እጄ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንዳደረገው ያውቅ ስለነበር ያለ እኔ ይሠራል። ማፍያው ማጉረምረም ሲጀምር ወይዘሮ በላይነሽ አማተቡ።

የመጀመሪያውን ሲኒ ቀዳሁ። ሁሉም ዓይን እጄ ላይ ነው።

"ይህ ነው የምደፋው" አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ ለኋላ ወንበር ተማሪዎች የማወጣው ድምፅ ነበር። "የምደፋው ጎማ ጎማ ስለሚል ነው። ውስጡ ያለው ቀለበት የመኪና ካላማዳሪ ነው። የማያምን ይቅመስ።"

ወይዘሮ በላይነሽ እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ ስጪኝ። ብቀምሰው አይገድለኝም።" አንዴ ፉት አሉ። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ዞር ብለው ፓፓያው ሥር ተፉት።

"ኧረ በስመ አብ!" አሉ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ልጄ፣ ይህንንስ ቆሌም ቢሆን አይቀበልሽም።"

አዴ ጫልቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሁለተኛውን ሲኒ ለወይዘሮ በላይነሽ ሰጠሁ። ጠጡ፤ ጨረሱና ሲኒውን መለሱልኝ። "ሌላ አለ?" አሉ።

የቀረችውን ቡና አድርጌ እንደገና ጣድኩ። በዚህ መሃል አባቴ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ወደ እኔ ተጠጋ። ማፍያው ሲያጉረመርም ጎንበስ ብሎ ቀስ ብሎ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ ጠየቀኝ።

"ይህ ሲፈላ ማስነጠስ ይቻላል?"

"እንደ ልብህ፣ አባባ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አላስነጠሰም። ግን ትከሻው ሲላላ አየሁት። ቡናውን አልጠጣም፤ እስኪሞትም ድረስ አንድ ሲኒ አልጠጣም። ሊሄድ ሲነሣ ማፍያውን ፈትቶ ቀለበቱን አገላብጦ አየው፤ አሸተተውም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በወለንጪቲ ነጋዴ በኩል በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ላከልኝ። ነጭ፣ አዲስ፣ ልኩ የሆነ የማፍያ ቀለበት ነበር። ከየት እንዳገኘው ብጠይቀው "አለ" ብቻ አለኝ።

ወይዘሮ በላይነሽም ክፍሏን አልነሡኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ "ስታፈዪ በርሽን ክፈቺ።" ከፈትኩት። በተከፈተ በር ደግሞ ሰው ይገባል፤ አዴ ጫልቱ ቆሎ ይዘው፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን ሲኒ ይዘው። ማፍያዬ ትንሽ ስለነበረች ደጋግሜ ነበር የማፈላው። ሰው ሁሉ እጄን ሲያይ እጄ ሥራ ላይ ነው፤ የት ላድርገው ብሎ መጨነቅ ቀረ። ዓይን አፋርነቴ አልጠፋም፤ አሁንም አለ። ግን መቀመጫ አገኘሁለት፤ ከእሳቱ ጎን።

ባለፈው እሑድም ቤዛ እያፈላች በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"ክፈቺው" አልኳት።

"አቧራ ይገባል እኮ።"

"ይግባ።"

ከፈተችው። ብዙም አልቆየ፤ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ የቡናው ሽታ ደርሷት፣ "እናንተ ሰዎች፣ ምን እየቆላችሁ ነው?" እያለች ሲኒዋን ይዛ ወረደች። ቤዛ ሚዛኗን አየች፤ የለካችው ለሁለት ሰው ነበር። እኔን አየችኝ። ትንሽ አሰበችና ሌላ ወረቀት አወጣች፤ በሙቅ ውኃ አጠበችው፤ ውኃውንም በረንዳው ላይ፣ በጎረቤቴ ፊት፣ ማሰሮው ጠርዝ ላይ ደፋችው።