ጋሼ ታደሰ ያዩት ጭስ

ሽንኩርት ሳቁላላ ልጄ ቤት ጣሪያ ላይ የተሰቀለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ልጄ በፎጣ እያራገበች ዝም አሰኘችው። እኔ ግን በሐሳብ ሸዋ ሮቢት ነበርኩ።

በደርግ ዘመን ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ አመሻሽ እናቴ ለወባ ትንኝ ብላ ኩበት ስታጨስ ጭሱ በቆርቆሮው ሥር ተትጎለጎለ። የቀበሌው ዘበኛ ጋሼ ታደሰ አይተው ደወሉን ደወሉና ባልዲ ይዘው ከሁሉ ቀድመው ገቡ። ለውትድርና እንዳይወሰድ ጓዳ የደበቅነው ወንድሜ ጭሱ አፍኖት ያስላል። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

ጋሼ ታደሰ ውሃውን ኩበቱ ላይ ደፉና በሩን ዘግተው ቆሙ። እየሮጠ ለመጣው ጎረቤት፣ "ተመለሱ፤ የትንኝ ማባረሪያ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አሉ። ሰዉ ሲበተን ወደ እናቴ ዞረው፣ "እትዬ አሰለፈች፣ ጭስ እንኳ መውጫ አያጣም" አሏት። ስለ ኩበቱ መስሎኝ ነበር።

ወንድሜ በማግስቱ ወደ አፋር በረሃ ወጥቶ ተረፈ።

በቀበሌው ስብሰባ ጋሼ ታደሰ "ሳያጣራ ሕዝብ አሸበረ" ተብለው ከሥራቸው ተባረሩ። "ተሳስቼ ነው" ከማለት በቀር አልተከራከሩም። እናቴ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ጋሼ ታደሰ የት እንደደረሱ ግን ከእኛ ቤት የጠየቀ የለም።