ቢሮ የተባለው ባና

አባቴ ከመንዝ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛውሮ ሲመጣ እናቱ የሰጠችውን ባና ይዞ መጣ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ሸካራ ብርድ ልብስ ነው፤ ለውርጭ አገር እንጂ ለዚህ ወበቅ አይሆንም። እናቴ "ከነበጉ ብታመጣው ይሻል ነበር" እያለች ስትስቅበት ጊዜ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ጥግ ተቀምጬ አጠና ነበር። ከገጠር የሚመጡ ባለጉዳዮች በዝናብ ተደብድበው፣ ማመልከቻቸው በጉያቸው እንደራሰ ይደርሳሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች አስገልብጣችሁ ኑ ብለው ይመልሷቸዋል። አባቴ ግን ወረቀቱን ባናው ላይ ይዘረጋና እስኪደርቅ ጉዳያቸውን ይሰማል። ክፍሉ የራሰ በግ ይሸታል። ያ ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ጡረታ ሲወጣ በቦታው የተተካው ሰው ባለመስታወት ጠረጴዛ አስገባ፤ ባናውን በፌስታል ቋጥሮ ላከለት። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ እማር ነበር። ለክረምት ስመጣ አባቴን አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። ምክር ፈልጎ የሚመጣ ሰው ያኔም አልጠፋም ነበር፤ እሱ ግን "ቢሮ የለኝም፣ ምን ላደርግለት" እያለ እንደሚያስመልሰው እናቴ ነገረችኝ።

አጠገቡ ተቀምጬ የተማርኩትን አወራሁት። ቢሮ የፈረንሳዮች ቃል ነው፤ መጀመሪያ ግን ክፍልም ጠረጴዛም አልነበረም። ሥሩ የጥንቱ ላቲን ሲሆን እዚያ ሸካራ የጠጉር ጨርቅ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሊቃውንቱም አይስማሙበትም። ፈረንሳዮች ያንን ጨርቅ የሚጽፉበት ጠረጴዛ ላይ አነጠፉት። ስሙም ከጨርቁ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተሻገረ።

"ባና ነዋ" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። ልፋቴ ከንቱ የቀረ መሰለኝ።

በማግስቱ ዶፍ ሲወርድ አንድ የሸኮ ሽማግሌ በራችንን አንኳኩ። እናቴ እንደለመደችው ልትመልሳቸው ስትነሳ አባቴ ከመኝታ ቤት ወጣ። ባናውን ከፌስታሉ አውጥቶ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ አነጠፈ፤ የራሰውን ወረቀት ከእጃቸው ተቀብሎ ዘረጋው።

"ይቀመጡ አባቴ" አላቸው። "ይህ እስኪደርቅ ጉዳይዎን ይንገሩኝ።"