ኖር ያለው ሥዕል

ሞዴልነት የጀመርኩ ቀን ሚስቴ ስቃብኝ ነበር። «ዕድሜህን ሙሉ ቆመህ ስትሠራ ኖረህ፣ አሁን ለመቀመጥ ተቀጠርክ?» አለች። እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። የመጨረሻ ሥራዬ ሰብለ የምትባል ሠዓሊ ስቱዲዮ ነው፤ ግድግዳውን ስለስን ጀርባዬን አይታ ልትስለኝ መረጠችኝ።

ስቱዲዮው ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል፣ አባባ ደበላ የሚባሉ አዛውንት ግቢ ውስጥ ነው። ከየካ አባዶ ሁለት ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ሸሚዜን አስወልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። በእግሮቼ ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረች፤ ከዕረፍት ስመለስ እዚያው እንድረግጥ ነው።

«ጋሽ ቱሉ፣ እኔ ሳልልዎት አይንቀሳቀሱ። ከእርስዎ በፊት የነበሩትን ሁለቱን ያሰናበትኳቸው በዚህ ነው» አለችኝ።

መቀመጥ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው። በሃያ ደቂቃ ትከሻ ይደነዝዛል፣ አፍንጫ ያሳክካል። ግን ሥራውን ወደድኩት። በግንበኝነት ዘመኔ ማንም ልብ ብሎ አይቶኝ አያውቅም፤ ይህች ልጅ ግን ክርኔን ሳይቀር እንደ ቁም ነገር ታየዋለች። እንዳላጣው እፈራ ነበር።

በአሥረኛው ቀን፣ ሥዕሉ ሊያልቅ ሲል፣ አባባ ደበላ አካፋቸውን ፈልገው በሩን ከፍተው ገቡ። «ኖር» ብዬ ተነሣሁ። መሃል ላይ የሰብለ ሕግ ትዝ አለኝና ደርቄ ቀረሁ፤ መቀመጫዬ ከወንበሩ ለቋል፣ ጉልበቴ አልተዘረጋም። «በእግዜር፣ ቁጭ በል» አሉና አካፋቸውን ይዘው ወጡ።

ሰብለ የመሳያ ከሰሏን ወረወረች። «እግር በጠመኔው ይመለሳል፤ የትከሻዎን አጣጣል ከየት አመጣዋለሁ?»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጬ አላውቅም» አልኳት።

ወረቀቱን ከሰሌዳው ነቀለችው። ሸሚዜን ለብሼ ወጣሁ። መሰናበቴን ለሚስቴ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ሾላ ደረስኩ።

በማግስቱ ስልክ ደውላ ጠራችኝ። አዲስ ትልቅ ወረቀት ወጥራለች።

«ትናንት እንዴት ነበር የተነሡት?»

«እንደ ሰው።»

«እስቲ ያሳዩኝ።» ስነሣ «እዚያ ላይ ይቁሙ» አለች።

መቀመጥም መቆምም አይደለም። እስከ ሃያ ትቆጥራለች፣ አሳርፋ እንደገና ታስነሣኛለች። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ አሳዘንኳትና ከሥሬ ሳጥን አስገባች፤ ወዲያው መልሳ አወጣችው። «ይቅርታ፣ ሳጥኑ ሲይዝዎ ጭንዎ ይዋሻል» አለች። ልክ ነበረች። እኔም ቀጥ ያለ መስሎ የሚዋሽ ግድግዳ በዓይኔ አውቃለሁ። ያን ቀን የሙያ ሰው መሆኗን አመንኩላት፤ ሳምንት ሙሉ ተነሣሁላት።

ሥዕሉ ሲያልቅ እዚያው ስቱዲዮዋ ውስጥ ኤግዚቢሽን አዘጋጅታ ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀለችው። አንድ እጅ ወንበሩን ለቋል፣ አንገት ዝቅ ብሏል፣ የጉልበቱ መስመር ይንቀጠቀጣል። የገባው ሰው አልተሳለም። አባቴን አየሁበት፤ እሱም እንዲህ ነበር የሚነሣው። ዕንባዬ መጣ።

መጀመሪያ የገቡት እንግዳ አባባ ደበላ ናቸው። ደፉን አልፈው ሥዕሉን አዩ፣ እጃቸውን ከፍ አደረጉና «በእግዜር፣ ቁጭ በል» አሉ።

«አባባ፣ ወረቀት እኮ ነው» አልኳቸው።

«ወረቀት መሆኑ መች ጠፋኝ። ሰው ተነሥቶልኝ ዝም ልበል?»

ሰብለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሠዓሊዎች ተቀምጫለሁ። ለአዳዲስ ሞዴሎች የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ ሳይፈቀድላችሁ አትንቀሳቀሱ። ሽማግሌ ከገባ ተነሡ።