ፍሪጁ አጠገብ የቆመችው ሴት

ባለፈው እሁድ ምሳ እያሰናዳሁ ልጄ በስልኳ ፎቶ አነሳችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበርና ዓይኔ ያነባል፣ ሻሼ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ እሷም አንድ የማይረባ ነገር ተናግራ አስቃኝ ጥርሴ ሁሉ ወጥቷል። አየት አደረገችውና «ውይ እማየ፣ ይሄስ ያስጠላል» ብላ በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ አጠፋችው። በቃ፣ ደሜ ፈላ። ቢላዋውን አስቀምጬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩባት፤ ማን አጥፊ አለሽ፣ ማን ፈቀደልሽ፣ ፊቱ ያንቺ ነው ወይ እያልኩ። ልጅቱ ክው አለች። «ለአንድ ፎቶ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» አለችኝ። አዎ፣ ለአንድ ፎቶ ነው። ስልኳ ውስጥ የድመት ፎቶ ብቻ ስንት እንዳለ አይቻለሁ፤ ለእሷ ፎቶ ማለት ከቧንቧ እንደሚቀዳ ውሃ ነው። እኔ ደግሞ አንዲት ፎቶ ጠፍታብኝ ይኸው ጠጉሬ መሸበት ጀምሮ እንኳ ንዴቷ አልወጣልኝም።

ያደግሁት ገዳሪፍ ነው። እናቴ የሺ በጦርነቱ ጊዜ ከጭልጋ እኔን አዝላ ድንበር ተሻግራ እዚያው ቀረች። ቤታችን ሰሊጥና ማሽላ ከሚራገፍበት ገበያ ብዙ አይርቅም ነበርና አዝመራ በገባ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ የሰሊጥ አቧራ ይጠጣል፤ ልብሳችን፣ ጠጉራችን፣ የእንስራችን ውሃ ሳይቀር ሰሊጥ ሰሊጥ ይላል፤ ሎሪዎቹ ከንጋት ጀምሮ ጡሩምባቸውን እያንባረቁ ይገባሉ፣ ሪክሻ የሚሏቸው ባጃጆች በመሀል በመሀላቸው ጥዝ እያሉ ይሽሎከለካሉ። እናቴ በአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ መጋዘን ከሌሎች የሐበሻ ሴቶች ጋር ሰሊጥ ታበጥር ነበር። ሰፌዷን ከፍ ስታደርገው እብቁ በንፋስ ይሄዳል፣ ፍሬው ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ ሾ የሚል ድምፅ አለው፣ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ እንደሚሰማው ያለ። በዚያ ሥራ ነው ያሳደገችኝ። እሷ አላፈረችበትም፣ እኔም አላፈርኩበትም። ያፈረበት አጎቴ ነው።

አጎቴ ደሴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ፖርት ሱዳን በሚመላለስ ሎሪ ላይ ረዳት ነበር፤ ከመንገድ ሲመለስ ደግሞ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ፎቶ አንሺ። ያን ጊዜ ፎቶ የምንነሳው ለራሳችን አልነበረም፣ አገር ቤት ለመላክ ነው። የሚሻገር ሰው ከተገኘ ከሰላምታው ጋር ፎቶ ይታሸግና ይላካል፤ ፎቶውም አንድ ነገር ብቻ እንዲናገር ይጠበቅበታል፣ ደህና ነን፣ ሞልቶልናል ብሎ። ለዚህ ደግሞ ሥርዓት ነበረው። እትየ ፋጡማ የምትባል፣ ባሏ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ቤት እንሄዳለን፤ የጎንደር እስላም ናት፣ ደግ ሰው፣ በሯ ለሁሉም ክፍት ነው። ነጭ ፍሪጅ ነበራት። የምትነሳው ሴት ፍሪጁ አጠገብ ትቆማለች፣ ውስጡ ያለው ለስላሳ እንዲታይ በሩ ገርበብ ይላል፣ ከዚያ እትየ ፋጡማ የአንገት ወርቋን አውልቃ ታጠልቅላታለች። ቀሚስ ካስፈለገም ቀሚስ አይጠፋም። ያ አንድ ወርቅ ስንቱን አንገት እንደዞረ አላህ ይወቀው! ጭልጋ፣ አርማጭሆ፣ ደምቢያ፣ ቋራ ድረስ ሄዷል፤ አንድ ሰው ፎቶዎቹን ሰብስቦ ቢያያቸው ኖሮ፣ ገዳሪፍ ያለ ሐበሻ በሙሉ ከአንድ አንጥረኛ ነው የሚገዛው ይል ነበር።

እናቴ ወርቁን ባጠለቀች ቁጥር ሳቋ ይመጣል። «ደሴ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ አልሰማህም?» ትለዋለች። እሱ ካሜራውን እያስተካከለ «ፎቶ ላይ ያደምቃል። አፍሽን ግጠሚ!» ይላታል። ትገጥማለች። ስቃ የተነሳች ሴት ለአጎቴ ቅሌታም ናት፤ የተከበረ ሰው ፎቶ ላይ ሊቀጡት እንደተጠራ ተማሪ ግትር ብሎ መቆም አለበት።

ዲጂታሏ የመጣችው እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አጎቴ ከፖርት ሱዳን የልብስ ሳሙና የምታህል ብርማ ካሜራ ይዞ መጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ጀርባዋ ላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ራሱን ወዲያው እያየ ጉድ ሲል ሰነበተ። መመሪያው እንግሊዝኛና ቻይንኛ ነው። አጎቴ ሁለቱንም አይችልም፣ እኔ ግን ከትምህርት ቤት የለቃቀምኳት እንግሊዝኛ ነበረችኝና አንብቢልኝ አለኝ። እንዲህ ነው የተማርኩት፤ እያነበብኩለት። እሱ የፊልም ሰው ነው። ፊልም ካለቀ አለቀ፣ ስለዚህ አንዲት ፎቶ ለማንሳት ሰውየውን ላብ እስኪያጠምቀው ያቆመዋል። እኔ ሁለቴ ተከታትዬ ከተጫንኩ «ፊልም አታባክኚ!» ብሎ ይጮህብኛል። አጎቴ፣ ፊልም እኮ የላትም እለዋለሁ። «ቢሆንም!» ይለኛል። ቢሆንም! ምን ይሉታል ይሄን?

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። ቁልፉን እስከ ግማሹ ብቻ ተጭኖ መጠበቅ፣ መስኮቷ ላይ ብቅ የምትለው አረንጓዴ ሳጥን ፊት ላይ አርፋ ጢው ስትል መጨረስ። ክርንን ከጎን ጋር ማጣበቅ፣ ትንፋሽን መያዝ፣ ፀሐይን ከሰውየው ጀርባ አለማድረግ፣ ብርሃን ካለ ፍላሹን ማጥፋት። ከሁሉ የገረመኝ ግን የፍሪጁ ነገር ነው። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለዋል፣ ሁሉንም ያጨልመዋል፤ ለዚህ ነው በአጎቴ ፎቶዎች ላይ ፍሪጁ ቁልጭ ብሎ፣ ወርቁ አብረቅርቆ፣ የሴቶቹ ፊት ግን ጠቁሮ የሚወጣው። ደስ ብሎኝ ሮጬ ነገርኩት፣ ፊታቸው እኮ አይታይም፣ ትንሽ ከፍሪጁ ፈቀቅ ይበሉ አልኩት። «ወርቁ ይታያል አይደለም?» አለኝ። ይታያል። «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ ካሜራዋን ነጠቀኝ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አጎቴ ሙቀቱ አሸንፎት አንገሬብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ሲያንኮራፋ ካሜራዋን ይዤ እናቴ የምትሠራበት መጋዘን ሄድኩ። የመጋዘኑ ዘበኛ ገና ሲያየኝ «ያ ቢት፣ ሰውሪኒ!» እያለ፣ አንቺ ልጅ እኔንም አንሽኝ ማለቱ ነው፣ ጥምጣሙን ማስተካከል ጀመረ። ቆርቆሮው ብዙ ቀዳዳ አለው፤ ፀሐይዋ በየቀዳዳው ገብታ አቧራው ላይ እንደ ገመድ ተወጥራ ትታያለች። እናቴ በዚያ መሀል ተቀምጣለች። አንዷ ጓደኛዋ የአንድ ደላላ አረማመድ እያስመሰለች ታስቃቸዋለች። እናቴ ሰፌዷን ጭኗ ላይ ትታ፣ ቅንድቧ በአቧራ ነጥቶ፣ ጉንጯ ስርጉድ ብሎ፣ ፍንጭቷ ወለል ብሎ ወጥቶ ትስቃለች። ክርኔን ከጎኔ አጣበቅሁ። እስከ ግማሹ ተጫንኩ። ሳጥኗ ወዲያ ወዲህ ብላ ፊቷን አገኘችው። ጨረስኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላነሳሁም።

ለእናቴ አሳየኋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ካሜራዋን ተቀበለችኝና ዓይኗን ተከለችባት። «እኔ ነኝ?» አለች። ሴቶቹ ተንጋግተው መጥተው በትከሻዋ ላይ እያዩ ሲንጫጩ እሷ አሁንም ዓይኗን አልነቀለችም። ከዚያ «ይቺንማ እህቴ ውዴ ብታያት፣ እንዳለሁ ታገኘኝ ነበር» አለች። እህቷ ውዴ ታላቋ ናት፣ ጭልጋ ነው ያለችው፤ እናቴ ከወጣች ጀምሮ አልተያዩም። ይሄኛው ይላክ፣ ይሄኛው ይታጠብ ብላ ራሷ አዘዘችኝ።

ማምሻውን አጎቴ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ እዚያች ላይ ደረሰ። ፊቱ ተለዋወጠ። «አቧራ ስትበላ አንስተሽ አገር ቤት ልትልኪያት ነው? ጠላት ደስ ይበለው ብለሽ ነው?» አለኝ። እሷው ናት ላኪልኝ ያለችው አልኩት። ማን ሊሰማ! የቆሻሻ ቅርጫት የተሣለባትን ቁልፍ ከመመሪያው አንብቤ ያሳየሁት እኔው ነኝ፤ ተጫናት። ካሜራዋ እርግጠኛ ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ማሽን እንኳ ይጠይቃል እኮ! እሱ ምን እንዳለችው አላነበበም፣ ደግሞ ተጫነ። አንዴ ብልጭ አለችና በቦታዋ የእትየ ፋጡማ ፍሪጅ መጣ። እናቴን አየኋት፣ አንድ ነገር እንድትል። «ተይው ልጄ፣ ሌላ ቀን ታነሽኛለሽ» አለች። እሷም ላይ ተናደድኩ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ሞታም ተናድጄባታለሁ።

አጎቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራዋን ሳጥን ውስጥ ይቆልፍባት ጀመር። ክረምት ገባ፣ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ እግር ይዞ አልለቅም የሚልበት ጊዜ፣ እናቴን ወባ ያዛት። ትድናለች ስንል አልዳነችም። እዚያው ቀበርናት።

ጭቃው ሲጠብቅ እኔና አጎቴ መርዶውን ይዘን በገላባት አድርገን መተማ፣ ከመተማም ጭልጋ ገባን። በሰው አገር ለሞተ ሰው በፎቶው ነው የሚለቀሰው፤ ያለችን ፎቶ ደግሞ ያቺው ናት፣ ፍሪጅ፣ ወርቅ፣ የተገጠመ አፍ። ሰው ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ እየተቀባበለ ደረቱን እየደቃ አለቀሰባት። እንባው ጋብ ሲል ግን ወሬው ዞረ። አንድ የእናቴ ያጎት ልጅ ነኝ ያለ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የሟች ነገር መጣራቱ አይቀርምና ወርቋስ የት ደረሰ አለ። አንዳንዱ ፎቶዋን እንደገና ተቀብሎ ወርቁን ማየት ጀመረ። እኔ አጎቴን አየሁት፣ አሁን ይናገራል ብዬ። አጎቴ መሬት መሬት እያየ «የሴት ዕቃ እኔ ምን አውቄ፣ ልጅቱ ታውቃለች» አለ።

እስቲ አስቡት! እናቷን የቀበረች ልጅ፣ ዘመዶችሽ ናቸው በተባለቻቸው ሰዎች ፊት፣ የእናቷን ወርቅ የበላች ሆና ተቀመጠች። ድንኳኑ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል። ምን እንዳስነሳኝ አላውቅም፣ ብድግ ብዬ ቆሜያለሁ። የሰው ነው! አልኩ። ወርቁ የእትየ ፋጡማ ነው፣ ቀሚሱም የሷ ነው፣ ፍሪጁም የሷ ነው፣ ቤቱም የሷ ነው! እናቴ ሰሊጥ አበጣሪ ነበረች፣ አቧራ እየዋጠች ነው ያሳደገችኝ፣ ወርቅ የምትሉት እኔ ነኝ፣ ከፈለጋችሁ ውሰዱኝ! አጎቴ እጄን ሊይዝ ሞከረ፣ መነጨቅሁት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አክስቴ ውዴ ተነሳች። እስከዚያ ድረስ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ነበር። ፎቶዋን ከጎልማሳው እጅ ነጥቃ ወደ ብርሃን ወጣ አለች፤ ወርቁን በአውራ ጣቷ ሸፍና ከበላዩ፣ ከበታቹ አየች። «እዚህ ጋ ንቅሳት አላት፤ ሁለታችን አንድ ቀን ነው የተነቀስነው» አለች። ፎቶው ላይ አንገቷ ጨለማ ነው፣ የሚታይ የለም። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቁጣ የለባትም፣ የምር ነው የጠየቀችኝ። «ወርቁ የሰው፣ ቀሚሱ የሰው፣ ቤቱ የሰው። የኔ እህት የትኛዋ ናት?»

ምን ልበላት? አንስቻት ነበር፣ አጎቴ አጠፋት ልበላት? እዚያው እግሯ ሥር ተቀምጬ በቃሌ ነገርኳት፤ ቆርቆሮውን፣ የቅንድቧን አቧራ፣ ፍንጭቷን፣ ስትስቅ እንዴት ወደ ኋላ እንደምትል። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስጨርስ ነው አዲስ ለቅሶ የጀመረችው።

አጎቴ ዛሬ አርጅቷል፣ እዚሁ እኔ የምኖርበት ጎንደር ነው። ለበዓል ሲመጣ ተነስቼ ወንበር እሰጠዋለሁ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ስማችን እንዳይዋረድ ነበር የሚለፋው። ማወቄ ንዴቴን አልቀነሰውም። ለአክስቴ በቃሌ ያወራኋት ያች ፎቶ አሁን አሁን ከእኔም እየሄደች ነው፤ ጉንጯ የሚሰረጉደው በየት በኩል እንደነበር እንኳ አንዳንዴ ይጠፋኛል። ዓይኔን ጨፍኜ እናቴን ስጠራት ቀድማ የምትመጣልኝ አፏን ገጥማ ፍሪጁ አጠገብ የቆመችው ሴት ናት። እባክሽ ዞር በይልኝ፣ እናቴን ልያት እላታለሁ። ዞር አትልም።