ሰማው በእግሩ የገባባት ከተማ

ሰማው ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ ድንኳንና የሽርሽር ዕቃ የሚያከራይ ሱቅ ሹፌር ነው። የሱቁ ባለቤት ቱርኪ አሠሪውም በሕግ ዋሱም (ከፊሉ) ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ የሚታደሰው በእሱ ስም ነው። ብርዱ ገብቶ የሪያድ አየር ለሰው ሲመች ቱርኪ የእግር ተጓዦችን ሰብስቦ ወደ በረሃው ይወጣል። የሚሄዱበት መንገድ ድሮ የሐጅ ተጓዦችና የግመል ነጋዴዎች ይመላለሱበት የነበረ ነው። ረጅም ስለሆነ ባንድ ጊዜ አይዘልቁትም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሰማው ድንኳኑንና ውሃውን ፒክአፑ ላይ ጭኖ በአስፋልቱ ዞሮ ይቀድማቸዋል።

በዚህ መንገድ ላይ ኡም ሲድራ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የጭቃ ቤቶች፣ አንድ መስጊድና የቴምር ማሳ ናት በቃ። ሰዎቿ ግን በእግሩ የመጣን መንገደኛ እንደ ዘመድ ነው የሚቀበሉት። መግቢያው ላይ ጥላ ሥር ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ እግር መታጠቢያ ገንዳም ሠርተዋል። አብዱሰላም የሚባሉ ሽማግሌ እዚያው ተቀምጠው በእግሩ ለሚመጣው ሁሉ በገዛ እጃቸው ውሃ ይሰጣሉ። በመኪና የመጣውን ሰማውን ሰላም ብለው ያልፉታል። እሱ ውሃውን ራሱ ቀድቶ ይጠጣና ፒክአፑ ላይ ተቀምጦ ተጓዦቹን ይጠብቃል። አቧራ ለብሰው፣ እያነከሱ፣ እየሳቁ ሲገቡ እግር እግራቸውን ያያል።

ሰማውም ወደዚህ አገር የመጣው በእግሩ ነው። ከቆቦ ተነስቶ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ። አብሮት የነበረው ባንቴ የሚባል የቡሬ ልጅ ነበር፤ መንገድ ነው ያገናኛቸው። ሁለቱ እንዳይያዙ ከተማ ባዩ ቁጥር ይሸሹ ነበር። ቀን ድንጋይ ተጠግተው ይተኙና ሲጨልም በሩቁ ይዞሩታል። አንዳንዴ ነፋሱ የሚጠበስ ሽንኩርት ሽታ ሲያመጣ ባንቴ ቆሞ ያሸትት ነበር። የሳዑዲ ድንበር ላይ ባንቴ ተያዘና ወደ አገሩ ተመለሰ። ሰማው አለፈ። የሪያድ ጋራዦችና ፋብሪካዎች ባሉበት ሰናኢያ ዓመታት በድብቅ የቀን ሥራ ሠርቶ፣ በኋላ መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው ምሕረት ሲያደርግ ወረቀት አገኘ። ዛሬም ከባንቴ ጋር ይደዋወላሉ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። መንገዱን ግን አንስተውት አያውቁም።

ባለፈው ጥር ቱርኪን ጉልበቱን አመመው።

“ሰማው፣ ዛሬ መኪናውን እኔ ልያዝ” አለው። “አንተ ከኋላ ሆነህ ተራመድ፤ ሰው ወደኋላ እንዳይቀር።”

“እኔ?”

“አንተ ነህ፤ ያላ፣ ተነስ!”

ከሁሉም ኋላ የምትሄደው ሽፋ ነበረች። ወላጆቿ ከወሎ የመጡ፣ እሷ ግን ሪያድ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። አማርኛዋን በዐረብኛ እየደገፈች ታወራዋለች።

“ጋሼ፣ ወላሂ እርስዎ አይደክምዎትም። እኔ እኮ ጫማዬ ሊገድለኝ ነው!”

“ገመዱን ላላ አድርጊው፣ እህቴ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አትቸኩይ።”

ከሰዓት በኋላ አንዱን ጉብታ ሲወጡ ኡም ሲድራ ብቅ አለች። ሽፋ ደስ ብሏት እጇን አጨበጨበች። ዞር ስትል ሰማው አጠገቧ የለም። መንገዱን ለቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ድንጋዮቹ እየሄደ ነበር።

“ጋሼ ሰማው! ወዴት ነው? መንገዱ በዚህ ነው እኮ!”

ደንግጦ ቆመ። እግሩ ወዴት እንደወሰደው ያወቀው ያኔ ነው። ፊቱ በኀፍረት ጋለ።

“ከተማ ሳይ...” አለ ወደ መንገዱ እየተመለከተ። “ከተማ ሳይ በሩቁ መዞር ለምጄ ነው።”

ሽፋ አየችው። የእሷም አባት የመንን በእግሩ አቋርጦ ነው የመጣው፤ ነገር ግን ስለ መንገዱ አንድም ቀን አውርቷት አያውቅም።

“ኸላስ፣ በቃ አብረን እንገባለን” ብላ እስኪደርስባት ጠበቀችው።

አብዱሰላም ከተቀመጡበት ተነስተው ለሰማው ውሃ ሰጡት። እንደ ልማዳቸው ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ከሪያድ ሊል ነበር።

“ከሐበሻ አገር” አለ።

“በእግርህ?”

“በእግሬ። ብዙ ዓመት ሆነኝ።”

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። ጣሳውን ተቀብለው እንደገና ሞሉለት።

“እንግዲያው ደክሞሃል፤ ተቀመጥ” አሉት።

ምንጣፉ ላይ ከሌሎቹ መሀል ተቀምጦ የቀረበለትን በላ። ጫማውን አውልቆ እግሩን ታጠበ። ብዙም ሳይቆይ ቱርኪ ድንኳኑን እንዲያወርድ ተጣራ፤ ሰማው እግሩ ሳይደርቅ ተነስቶ ሄደ።

በማግስቱ ሪያድ፣ ጉበይራ ሰፈር ከሚኖርበት ክፍል ባንቴ ጋ ደወለ። ሁሉንም ነገረው።

“በቀን ገባህ?” አለ ባንቴ።

“በቀን።”

“ውሻ አልጮኸብህም?”

“ውሃ ነው የሰጡኝ። ተቀመጥ አሉኝ።”

ባንቴ ወንበር ስቦ ሲቀመጥ በስልኩ ተሰማ።

“በል እስቲ ንገረኝ፣ ምን ምን አበሉህ?”

ሰማው ቴምሩን፣ ዳቦውን፣ የፍየል ወተቱን አንድ በአንድ ነገረው። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መንገዱ አወሩ፤ ካርዱ እስኪያልቅ አወሩ።

ቱርኪን ጉልበቱ ተሻለው። ሰማውም ወደ መኪናው መሪ ተመለሰ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ፣ እንደገና ልራመድ ወይ ብሎ ጠየቀው።

“ኢንሻአላህ” አለ ቱርኪ እየሳቀ። “መኪናውን ታዲያ ማን ይነዳል?”

አሁን ሙቀቱ ገብቶ ጉዞው ቆሟል። ሰማው ጁምዓ ከሥራ ሲያርፍ ማለዳ ከጉበይራ ይወጣና ዋናውን ጎዳና ይዞ በእግሩ ይሄዳል፤ ሱቆቹ እያነሱ፣ ሕንጻዎቹ እየሳሱ እስኪመጡ ድረስ። ፀሐዩ ሲከብድበት ጥላ ፈልጎ ይቆማል፤ የመጣበትን ሳይሆን ከፊቱ ያለውን መንገድ ያያል። ከዚያ ላቡን ጠርጎ፣ ወደ ሰፈሩ የሚመልሰውን አውቶቡስ ይጠብቃል።