በእልልታ የተገራችው ባዝራ

እኔ ፈረስ አልወድም። ከመጀመሪያው ልናገረው፣ በኋላ ሚስቱን ሊያሞግስ ብሎ ነው እንዳትሉኝ። ፈረስ ዓይኑ ትልቅ፣ ጥርሱ ትልቅ፣ ምን እንዳሰበ ደግሞ አይነግርህም። ባለቤቴ የሺእመቤት ግን ጠዋት ከእኔ ጋር ሻይ ሳትጠጣ ፈረስ ውሃ ለማጠጣት የምትከንፍ ሴት ናት። እንግዲህ ምን ላርጋት፣ ከነፈረሷ ችዬ ኖሬያለሁ።

አባቷ ጎንደር ገጠር ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጓምና እርካብ ይሠራሉ። የሀገሩ ሰው ፈረሱን እየሳበ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ ልጓሙ ተለክቶ እስኪያልቅ የፈረሱን ራስ ይዛ የምታባብለው የሺ ነበረች። እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ መጥተን፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር ገብተን፣ እሷ ፋብሪካ እኔ ጥበቃ ስንሠራ የፈረሱ ነገር የተረሳ መስሎኝ ነበር። ምን ይረሳል። ፋብሪካው ሲዘጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የፈረስ ጋጣ የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለና ሄደች። አካፋ ይዛ የገባች ሴት ብዙም ሳትቆይ ያልተገሩትን ስትገራ አገኘኋት።

የጋጣው ባለቤት ኒሲም ነው። ቁጡ ነው፣ ግን ልቡ ቅን፤ የማታውቀውን አሳይቷታል። ጋጣው የሚሠራው ለልጆች ነው። እግራቸው ያልጠና፣ መናገር የሚያስቸግራቸው፣ ሰው የሚያስፈራቸው ልጆች ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቀስ በቀስ ወገባቸው ይጠናል፣ ፊታቸው ይፈታል። እነዚህ ልጆች ታዲያ ደስ ሲላቸው ይጮኻሉ። ስለዚህ ጩኸት የማይችል ፈረስ እዚያ ቦታ የለውም።

ሱፋ የምትባለዋ ባዝራ የተወለደችው አዛካው፣ የሮኬቱ ማስጠንቀቂያ ማለቴ ነው፣ ቀን ከሌት በሚያላዝንበት ሰሞን ነው። እኛ መጠለያ እንገባለን፣ እሷ የት ትግባ። ካደገች በኋላም በር ጓ ሲል እግሬ አውጪኝ ነው፣ ባልዲ ሲወድቅ እግሬ አውጪኝ ነው። ሱፋ ያላት ኒሲም ነው፤ በዕብራይስጥ ዐውሎ ነፋስ ማለት ነው። የሺ ግን ሰላሜ እያለች ነው የምትጠራት።

አንድ ቀን ኒሲም፣ "የሺ፣ እኔም እወዳታለሁ፣ ግን ልጅ ላስቀምጥባት አልችልም። በዚህ በጋ ካልረጋች እሸጣታለሁ" አላት። ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

"ልጄን ሊሸጡብኝ ነው" አለችኝ።

"ልጅሽ ሚሪ ናት" አልኳት። "እሷን ደግሞ ሊኦር ሊወስዳት ነው። ለእሷ አልቅሺ።"

አልሳቀችም። በማግስቱ ግን ዘዴ ይዛ ተነሣች። "ይቺ ልጅ ጩኸት ሲመጣ ክፉ ነገር እንደሚከተለው ነው የምታውቀው" አለች። "እኔ ደግ ነገር እንደሚከተለው አሳያታለሁ።"

ኮርቻው ሲጫንባት ዝም ብላ ከቆመች የሺ እልል ትልና አንድ ቴምር ታጎርሳታለች። እግሯን እንድታነሳላት ከፈቀደች፣ እልል፣ ቴምር። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ እያደር ከፍ እያደረገች። ለመጨረሻው ትምህርት ከሺምሾን ሰፈር እማማ ኣለምነሽን አመጣቻቸው። የትግራይ ሰው ናቸው፤ በእልልታቸው ሕንጻ ያስለቅቃሉ። አጥሩ ጥግ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲለቁት ሰላሜ ንቅንቅ አላለችም። አንገቷን አዙራ ቴምሯን ጠበቀች። የሺ ያን ቀን ቤት የገባችበት ሁኔታ፣ እኔን እንኳ ስታገባኝ እንዲያ ደስ ብሏት አላየሁም።

ቤት ስትመጣ ደግሞ የፈረሱን ትምህርት ለእኛ ታካፍለናለች። "ገመድ ከሳብሽበት እሱም ይስብሻል፣ ካላላሽለት ይከተልሻል" ትላታለች ሚሪን።

"ዳይ፣ ኢማ" ትላለች ሚሪ፣ በቃሽ እማዬ ማለቷ ነው። "ሊኦር ፈረስ አይደለም።"

"ሳይሰለቸው አቁሚ" የምትለውም አለች። ይቺን ምክር እንኳ እኔ ወድጃታለሁ፤ የሺ ምክር ስታስረዝምብኝ መልሼ ለራሷ አስታውሳታለሁ።

ከዚያ ነው ሚሪ በሠርጓ ቀን ከቤታችን በር እስከ መንገዱ ማዞሪያ፣ ሊኦር መኪና ይዞ እስከሚጠብቅበት ድረስ፣ በሰላሜ ትሂድ የተባለው። እኔ አይሆንም አልኩ። የሚሰማኝ አልነበረም። ኒሲምም፣ "ሕዝቡ መሀል ተረጋግታ ሙሽራዋን ካደረሰች ትቀራለች። ከደነበረች ግን ነገሩ አበቃ" አለ።

የሠርጉ ቀን የሺ በሐበሻ ቀሚሷ ላይ የጋጣ ቦቷን አጥልቃ ብቅ አለች። ሰው ምን ይላል ብላት፣ "እግሬን የሚያይ ሰው ሙሽራዋን አላየም" አለችኝ። ሰላሜ ጋማዋ ተጎንጉኖ፣ ግንባሯ ላይ ጥለት ታስሮላት ቆማለች። ሚሪን ደግፈን ላይዋ አወጣናት፣ የልጓሙን ዛብ የሺ ያዘች፣ ከበሮው ተመታ። ሰላሜ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች እንጂ አልደነበረችም፣ መራመድ ጀመረች። ኒሲም እጁን አጣምሮ ያያል። እኔ ከጎን እሄዳለሁ።

ይሄኔ እማማ ኣለምነሽ እልል አሉ።

ሰላሜ ቀጥ አለች። አንገቷን ወደ የሺ አዞረችና በከንፈሯ እጇን ትፈትሽ ጀመር። የሺ ቴምር አልያዘችም። ሴቶቹ ፈረሷ ለሙሽራዋ ክብር የቆመች መሰላቸውና ባሰባቸው፤ ሁሉም ባንድ ላይ ለቀቁት። እነሱ ባሉ ቁጥር እሷ ይበልጥ ተተከለች።

የየሺ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። "ክንዴ" አለችኝ ስሜን ጠርታ በቀስታ፣ "ጩኸት መቻል ያስተማርኳት መስሎኝ ነበር። ለካ እልል ማለት ቁሚ ማለት ነው ብዬ ነው ያስተማርኳት። ፈረስ ያሰብኩትን ከየት ያውቃል፣ የሚያውቀው ያደረግኩትን ነው።"

ወደ ሴቶቹ ዞራ ለመነቻቸው። "እናቶቼ፣ እስኪ ትንሽ ዝም በሉልኝ።"

"በሠርግ ዝም በሉ?" አሉ እማማ ኣለምነሽ። "ታዲያ ደስታዬን የት ላርገው?"

ያም ሆኖ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰላሜ ተራመደች። ጥቂት እንደሄደች አንዷ አልቻለችም፣ አመለጣት፤ ሰላሜ ቆመች። ሊኦር ስልክ ይደውላል፣ የት ደረሳችሁ ይላል። ሚሪ ከላይ ሆና በሳቅ ብዛት ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። ያን ጊዜ እኔ፣ ፈረስ የማልወደው ሰውዬ፣ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁና ለእንግዳ የተዘጋጀውን የቴምር ትሪ ይዤ ወረድኩ። የመጀመሪያውን በገዛ እጄ አጎረስኳት። ከንፈሯ እንዲያ ለስላሳ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

መንገዱ ተገኘ። እልል ይባላል፣ ትቆማለች፣ አንዷ ቴምር ታጎርሳታለች፣ ትራመዳለች። ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቴምር ይዞ ተራውን ይጠብቃል። የሞሮኮ ጎረቤቶቻችንም በራሳቸው እልልታ ከየሰገነቱ አገዙን። ለዚያች አጭር መንገድ የፈጀነው ጊዜ አይነሳ፤ ሊኦርን ኮቱን አውልቆ የመኪናው ኮፈን ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘነው።

ሚሪን አውርደን መኪና ውስጥ እንዳስገባናት የሺ ዛቡን እንደያዘች ወደ ኒሲም ሄደች። ቀና ብላ አላየችውም።

"አልተሳካልኝም" አለችው። "አበላሸኋት።"

ኒሲም ሳቁን አፍኖ ቆይቶ ኖሮ ለቀቀው። "አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ጮኾባት አልሸሸችም" አላት። "ሰው ሲጮኽ ቀጥ ብላ የምትቆም ፈረስ እኮ ነው ያመጣሽልኝ። የእኔ ልጆች ደስ ሲላቸው ምንድን ነው የሚያደርጉት?"

የሺ የሰላሜን አንገት አቅፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ለልጄ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ሰላሜ አልተሸጠችም። ኦሽራት የምትባል ትንሽ ልጅ ትጋልባታለች። ኦሽራት ቃል አይወጣትም፣ የሚወጣት ጩኸት ብቻ ነው፤ በሄደችበት ሁሉ እሽ፣ ዝም በይ ሲሏት ነው የኖረችው። መጀመሪያ የተቀመጠችባት ቀን ደስ ብሏት ስትጮኽ እናቷ ደንግጣ ከአጥሩ ተነሣች። ሰላሜ ግን ቆመች፣ አንገቷን አዞረች፣ ምን ፈለግሽ እንደሚል ሰው ጠበቀቻት። ልጅቱ ዝም አለች። ሰላሜ መራመድ ስትጀምር ደግማ ጮኸች፣ ሰላሜም ደግማ ቆመች። ያን ጊዜ ለልጅቱ ገባት። አሁን መቆም ስትፈልግ ትጮኻለች፣ ትቆምላታለች። እናቷ አጥሩ ላይ ተደግፋ ታያታለች፤ እሽ ማለቱን ትታለች።

እኔ ዛሬም ፈረስ አልወድም። ኪሴ ውስጥ ያለው ቴምር የራሴ ነው።