ሐዋ ያነሳችው ፊልም

ባለቤቴ ጡረታ በወጣች በሳምንቱ አዲስ ካሜራ ገዛች። እስካሁን አንድም ሰው አላነሳችበትም። የዘይት ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ጽሑፉን ደጋግማ ታነሳና ምስሉን አጉልታ እያየች፣ «ፎከሱ ትንሽ ወደ ኋላ የሸሸ መሰለኝ» ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ። ይህን በሽታ አውቀዋለሁ፤ በሃያ ስድስት ዓመቴ አሶሳ አቅራቢያ ባለችው ባምባሲ ከተማ ይዞኝ ነበር።

ያኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የሄድኩ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ከደመወዜ አጠራቅሜ የገዛሁት ካሜራ ፎከሱን ራሱ የሚያስተካክል ነው፤ ቁልፉን ጫን ሲሉት ሌንሱ እዝዝ ብሎ ይዞርና ቀጥ ይላል። ያ ድምፅ መጀመሪያ ደስ አሰኘኝ፣ ኋላ ግን ሰላም ነሳኝ። እውነት ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው? ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አሥራ አምስት ቁጥር ላይ ፎከስ አድርጌ አነሳለሁ። ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሲመጣ በማጉያ መነጽር እመረምራለሁ፤ አሥራ አራት ቁጥር የበለጠ የጠራ ይመስለኛል። ውጭ ማንጎው በስሎ ይረግፋል፤ ከአሶሳ የሚመጣው አውቶቡስ ቀዩን አቧራ እያስነሳ ያልፋል። እኔ ሁለት ሙሉ ፊልም በማስመሪያ ጨረስኩ።

በመጨረሻ ካሜራው ጉድለት አለበት አልኩና ክረምት ላይ ለሻጩ ልመልሰው ወሰንኩ። የዝውውር ማመልከቻዬንም ጽፌ ጨርሻለሁ። ሙቀቱም ብቸኝነቱም በቅቶኛል ብዬ ነበር።

ሐዋ በትምህርት ቤታችን የአንደኛ ክፍል መምህርት ነበረች፤ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ እዚያው ባምባሲ ተወልዳ ያደገች። ካሜራውን ካርቶን ውስጥ ስከት አገኘችኝ።

«የት ልትወስደው ነው?»

«ልመልሰው። ፎከሱ ትክክል አይደለም።»

«ሰው አንስተህበታል?»

ካርቶኑን መዝጋቴን ቀጠልኩ።

«አንድ ፊልም ቀርቶህ የለ? እሁድ የእህቴ ሰርግ ነው። ለእኔ ስጠኝ፤ አንተም ና።»

እሁድ ከቀርከሃው ዳስ ሥር ተቀምጬ በዓይኔ ተከተልኳት። ካሜራ ይዛ አታውቅም። አንገቷ ላይ አንጠልጥላው በበርትኛ እያወራች፣ እያሳቀች በሰው መሀል ታልፋለች፤ ድንገት ታነሳውና ቀጭ! የቅል መለከታቸውን ዙምባራ የሚነፉት ሰዎች አጠገብ ሄዳ ጉንጫቸው ሥር ቆመች። «ቆዪ፣ ፎከሱ ይያዝልሽ!» ብዬ ልጮህ ስል አጎቷ የማሽላ ገንፎና የባሚያ ወጥ ፊቴ አቀረቡልኝ።

«መምህር፣ አንተ ለምን አይበላም?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው። በላሁ። ከርከዴውንም ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ካሜራውን የረሳሁት ይመስለኛል።

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ሄድኩ። ካሜራውን ከመመለሴ በፊት ለሐዋ ቃል እንደገባሁላት ፊልሙን አሳጠብኩ። አጣቢው ፎቶዎቹን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ አያቸውና፣ «ማን ነው ያነሳው?» አለኝ።

«የሥራ ባልደረባዬ ናት።»

«ስንት ዓመት ሠርታበታለች?»

«አንድ ቀን።»

ቀና ብሎ አየኝ። አንዳንዶቹ ደብዝዘዋል፤ የብዙዎቹ ግን የዓይን ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል። ካሜራው ምንም አልሆነም ነበር። የሙሽራዋ እናት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ይስቃሉ። የነፊዎቹ ጉንጭ ሊፈነዳ ደርሷል። ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው፤ ካሜራውን ያየ የለም።

ከመጨረሻዎቹ በአንዱ፣ እጁ ገንፎ የነካ አንድ ወጣት ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል። እኔ መሆኔን ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ባምባሲ ላይ እንዲያ ስቄ እንደማውቅ አላውቅም ነበር።

ሻጩ ዘንድ ሄድኩ፤ ግን አምስት ፊልም ገዝቼ ወጣሁ። ማመልከቻውንም ሳላስገባ ቀረሁ፤ ሰባት ዓመት ባምባሲ ኖርኩ።

ሐዋ አሁን አሶሳ ከልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላትና ለዓመታት ሳልጠይቃት የቆየሁትን ጠየቅኳት። «ያን ቀን እንዴት አልፈራሽም?»

ሳቀች። «ማን ነው ያልፈራ? እንዳይበላሽብህ ብዬ ቀኑን ሙሉ ስሰጋ ነበር የዋልኩት። ግን ሰዉ ደስ ብሎት ነበር፤ ታዲያ ምን ላድርግ?»

ስልኩን ዘጋሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሐዋን የማደንቃት ፍርሃት የማያውቃት ሴት ናት ብዬ ነበር። ለካ እሷም እንደ እኔው ፈርታ ነበር፤ ፈርታም የፊልሙን ሠላሳ ስድስት ፎቶ አንስታ ጨርሳለች።